ጀልባ ላይ የሚሠራ ካሜራ ስንት ሜትር ይጥለቅ?

«ጋሼ፣ ሐዋሳ አሞራ ገደል አካባቢ ጀልባ ላይ ነው የምሠራው። እንግዶችን ጉማሬ ወዳለበት ወስጄ እመልሳለሁ። ባለፈው ወር አንዲት እንግዳ በስልክህ አንሳኝ ብላኝ ሳነሳት፣ ጀልባው ዞር ሲል ስልኩ ከእጄ አምልጦ ሐይቅ ገባ፤ አልተገኘም። አሁን ውሃ የማይፈራ ካሜራ ገዝቼ ፎቶውን እንደ ተጨማሪ ሥራ ልይዘው አስቤያለሁ። 30 ሺህ ብር አጠራቅሜያለሁ። ምርጫዬ ሦስት ነው። አንድ የሰፈራችን ልጅ ያገለገለ ኦሊምፐስ ቲጂ-5 በ28 ሺህ ልሽጥልህ ይለኛል፤ ‹15 ሜትር ይጠልቃል› ይላል። ሱቅ ውስጥ ደግሞ ስሙን የማላውቀው አዲስ ካሜራ በግማሽ ዋጋ አለ፤ ካርቶኑ ላይ 48 ሜጋፒክስል ይላል። ሦስተኛው፣ አጎቴ ለገና ከውጭ ስለሚመጣ እሱን ላስመጣው እችላለሁ። እንግዶቹንም ወፎቹንም ማንሳት እፈልጋለሁ። የቱ ይሻለኛል?» ጀልበኛው፣ ከሐዋሳ

ወንድሜ፣ ስለ ስልኩ አዝኛለሁ። ስልክ ሲሰጥም ቁጥሩም፣ ቴሌብሩም፣ የቤተሰብ ፎቶውም አብሮት ነው የሚሰጥመው።

ደብዳቤህን ሁለቴ ሳነበው ግን አንድ ነገር ዓይኔ ገባ። ስልክህን ያጣኸው ውሃ ስለገባበት አይደለም፤ ስላመለጠህ ነው። ያን ቀን በእጅህ የነበረው 30 ሜትር የሚጠልቅ ካሜራ ቢሆንም ዛሬ ያው ደለል ውስጥ ነበር፤ ምናልባት ሳይበላሽ፣ ግን ደለል ውስጥ። እነዚህ ካሜራዎች አብዛኞቹ አይንሳፈፉም። ስለዚህ ከካሜራው በፊት የምታስብበት ነገር ማንጠልጠያው ነው። ተንሳፋፊ የእጅ ማንጠልጠያ የሚባል አለ፤ ወፍራም ስፖንጅ ያለው፣ ብዙ ጊዜ ብርቱካናማ ወይም ቢጫ የሆነ፣ ከሩቅ እንዲታይ። ካላገኘህ ደግሞ አንተ ዓሣ አስጋሪዎች መሀል የምትውል ሰው ነህ፤ መረብ እንዴት እንደሚንሳፈፍ እኔ አልነግርህም። ከአሮጌ የስፖንጅ ነጠላ ጫማ ሁለት ቁራጭ ቆርጠህ፣ በጠንካራ ሲባጎ አስረህ መሥራት ትችላለህ። ቲጂ-5 ክብደቱ 250 ግራም ገደማ ነው። የሠራኸውን ባልዲ ውኃ ውስጥ ሞክረው፤ በመጀመሪያ ግን ያን ያህል በሚመዝን ሌላ ነገር እንጂ በካሜራው አይደለም። ጠጠር የሞላህበት ትንሽ ጠርሙስ ይበቃል።

ይህን ካልኩ በኋላ ወደ ሜትሩ ልምጣ። «15 ሜትር ይጠልቃል» የሚለው ቃል የሻጭ ቃል ነው። ካሜራው ከፋብሪካ ሲወጣ እውነት ነበር። አሁን እውነት ስለመሆኑ ግን ልጁም አያውቅም፤ ካሜራውን በውሃ ካልሞከረው በቀር ማንም አያውቅም። ከዚያ በላይ ደግሞ 15 ሜትሩ ለአንተ ምን ይሠራልሃል? ሐዋሳ ሐይቅ ራሱ ጥልቅ የተባለው ቦታው ከ20 ሜትር ብዙም አያልፍም። ዳር ዳሩን ውሃው አረንጓዴና ደፍራሳ ስለሆነ ክንድህን ብትነክር ጣትህ ደብዝዞ ነው የሚታይህ፤ ጠልቀህ የምታነሳው ነገር የለም። ፍላሽ ብታበራማ ይብሳል፤ ብርሃኑ በውሃው ውስጥ ያለውን ብናኝ እየመታ ይመለስና ፎቶው በረዶ የዘነበበት ይመስላል። የአንተ ካሜራ የሚያገኘው ከቀዘፋ የሚረጭ ውሃ ነው፣ የሰኔና የሐምሌ ዝናብ፣ እርጥብ እጅ፣ የጀልባ ጠርዝ ላይ መውደቅ፣ የዳሩ አሸዋ። እነዚህን ችሎ ሁለት ሦስት ዓመት የሚቆይ ካሜራ ካገኘህ 15 ይሁን 8 ሜትር ግድ የለህም።

የሚያስፈራኝ ከጥልቀቱ ይልቅ በሩ ነው። በሩ ስል ባትሪውና ካርዱ የሚገቡበትን ትንሽ ክዳን ማለቴ ነው። በእሱ የደረሰብኝን ልንገርህ።

ከዓመታት በፊት እኔም እንዲህ ያለ ካሜራ ነበረኝ። ከጓደኞቼ ጋር ጀልባ ላይ ሆነን ቆሎ እየቃምን ባትሪው አለቀ። ጉልበቴ ላይ አስቀምጬ በሩን ከፈትኩ፣ ሁለተኛውን ባትሪ አስገባሁ፣ ዘጋሁ። «ቀጭ» ሲል ሰምቻለሁ፤ መቆለፊያውንም ገፍቼዋለሁ። ከዚያ ለቀልድ ያህል ካሜራውን ክርኔ ድረስ ውሃ ውስጥ ከትቼ የጀልባውን ሆድ ከሥር ቀረጽኩ። ግማሽ ደቂቃ አይሞላም። ሳወጣው መስታወቱ ከውስጥ ላብ አለበት። እስክሪኑ አንዴ ሰማያዊ ሆነ፣ ከዚያ ጠፋ፣ ከዚያ በኋላ አልበራም። ቤት ገብቼ በሩን ስከፍተው፣ በክዳኑ ዙሪያ በምትዞረው ቀጭን ጎማ ላይ አንዲት የገብስ ገለባ ተጋድማለች። ከቅንድብ ፀጉር አትወፍርም። ያቺን ገለባ አሁንም አልረሳኋትም።

ያቺ ጎማ፣ መካኒኮች ጎሚኒ የሚሏት ዓይነት፣ የካሜራው ሙሉ ምስጢር ናት። ክዳኑ ሲቆለፍ ጎሚኒዋ ተጨፍልቃ ዙሪያውን ትደፍናለች። ፀጉር፣ አሸዋ፣ የጨርቅ ክር፣ የእንጀራ ፍርፋሪ ከገባባት እዚያች ነጥብ ላይ ትነሳለች፤ ውሃ ደግሞ የሚፈልገው ያችኑ ነጥብ ነው። በየ10 ሜትሩ ጥልቀት ከላይ ያለው አየር የሚጫነንን ያህል አንድ እጥፍ ግፊት ይጨመራል፤ ገለባ ላለበት ጎሚኒ ግን ክንድ የማይሞላ ውሃም በቂ ነው። አምራቾቹ ይህን ጎማ በዓመት አንድ ጊዜ አስቀይሩ የሚሉት ስለሚደርቅና ቅርፁን ስለሚለቅ ነው። እኔ ሐዋሳ ውስጥ «የካሜራዬን ጎሚኒ ቀይሩልኝ» ብለህ የምትገባበት ቤት አላየሁም።

ስለ ቁጥሮቹ ትንሽ ልጨምር፤ ሱቅ ስትገባ ስለሚጠቅምህ። አይፒ68፣ አይፒኤክስ7፣ አይፒኤክስ4 እያሉ የሚጽፉት ዓለም አቀፍ መለኪያ ነው። የመጀመሪያው ቁጥር ስለ አቧራ ይናገራል፣ ሁለተኛው ስለ ውሃ፤ ኤክስ ካለ ያኛው አልተለካም ማለት ነው። በውሃው በኩል 4 ማለት ከየትኛውም አቅጣጫ የሚረጭን ውሃ ይችላል፣ 7 ማለት 1 ሜትር ውስጥ 30 ደቂቃ ቢቀመጥ ይችላል፣ 8 ደግሞ ከዚያ በላይ ሆኖ ስንት ሜትርና ስንት ደቂቃ እንደሆነ አምራቹ የሚናገረው ነው። ፈተናው የሚደረገው አዲስ ዕቃ ላይ፣ በንጹሕና ፀጥ ባለ ውሃ ነው። ሞተር ጀልባ የሚረጨው ውሃ ፀጥ ያለ አይደለም። ካሜራ ይዞ ከጀልባ መዝለልም እንደዚያው ነው፤ ውሃው ላይ ሲያርፍ የሚመታው ግፊት ከጥልቀቱ ግፊት ሊበልጥ ይችላል። አምራቾች በመመሪያቸው ላይ ይዛችሁ አትዝለሉ የሚሉት ለዚህ ነው። «ውሃ ይቋቋማል» እና «ውሃ አያስገባም» የሚሉት ቃላትም ካርቶን ላይ እንደ አንድ ይጻፋሉ፤ አንድ አይደሉም። ቁጥር ከሌለበት፣ ዝናብ ለመቻል የተሠራ ነው ብለህ አስብ።

ወደ ሦስቱ ምርጫዎችህ።

ባለ 48 ሜጋፒክስሉን፣ 48 ሚሊዮን ነጥብ አለኝ የሚለውን፣ ተወው። አላየሁትም፣ ግን ወንድሞቹን አይቻለሁ። ብዙውን ጊዜ ውስጣቸው ያለው፣ ብርሃኑን የሚቀበለው ትንሽ ሴንሰር ከዚያ ቁጥር ሩቡን እንኳ አይሞላም፤ የቀረውን ካሜራው በሶፍትዌር እየነፋ ነው የሚሞላው። እንጀራን ቢለጥጡት ሁለት እንጀራ አይሆንም። ካርቶኑ ላይ «16 ጊዜ ዙም» ካለ «ዲጂታል» የሚለውን ቃል ፈልግ፤ ያ ማለት ሌንሱ ምንም አያጎላም፣ ፎቶው ይቆረጥና ይለጠጣል። ብዙዎቹ ፎከስ እንኳ የላቸውም፤ ከአንድ ሜትር ተኩል ወዲያ ያለውን ሁሉ በአንድ ዓይን ነው የሚያዩት። ካላመንከኝ ሱቁ ደጃፍ ቆመህ መንገዱ ማዶ ያለውን ታፔላ አንሳና እስክሪኑ ላይ አጉላው። ፊደሉ እንደ ረጠበ ቀለም ከተፈሰሰ ገንዘብህን ይዘህ ውጣ። ለልጅ መጫወቻ ይሆናል። እንግዳ «ስንት ነው የምከፍልህ» ብሎ ለሚጠይቅህ ሥራ አይሆንም።

ቲጂ-5 የተለየ ጉዳይ ነው። በ2017 እ.ኤ.አ. የወጣ ነው። ከእሱ በፊት የነበረው ቲጂ-4 16 ሜጋፒክስል ነበር፤ ኦሊምፐስ ቲጂ-5ን ሲያወጣ ወደ 12 አወረደው። ሰው ቁጥር በሚያሳድድበት ዘመን ቁጥር መቀነስ ድፍረት ይጠይቃል። ምክንያቱ ሴንሰሩ ያው የጥፍር ያህል ስለሆነ፣ ነጥቦቹ ሲያንሱ እያንዳንዳቸው ብዙ ብርሃን ያገኛሉ፤ ማለዳና ምሽት ላይ ፎቶው ብዙ ብናኝ አይታይበትም። ሌንሱም ሲከፈት ኤፍ 2 ነው፤ የኤፍ ቁጥር ሲያንስ የሚገባው ብርሃን ይበዛል። ሌሎቹ ውሃ ቻይ ካሜራዎች ብዙዎቹ ኤፍ 3 ተኩል አካባቢና ከዚያ በላይ ላይ ሲቆሙ፣ ይህ ከእነሱ ሦስትና አራት እጥፍ ገደማ ብርሃን ያስገባል። ጎህ ሲቀድ ሐይቁ ጭጋግ ለብሶ፣ ጀልባ ዓሣ ጭኖ ወደ ገበያው ሲገባ ያለውን ብርሃን ታውቀዋለህ። እዚያ ላይ የምታገኘው ልዩነት ይህ ነው። ሌንሱ ወደ ውጭ አይወጣም፤ ከውስጥ ብርሃኑን በመስታወት አጥፎ ነው የሚያጎላው፤ ውሃ ቻይ ካሜራዎች በሙሉ ማለት ይቻላል እንዲህ ናቸው፤ የሚንቀሳቀስ አፍንጫ ካለ ውሃ የሚገባበት ቀዳዳ አለና። ከ2.1 ሜትር ከፍታ መውደቅ ይችላል ተብሎ የተሠራም ነው። ስለዚህ ካሜራው ጥሩ ነው። የሚያሳስበኝ ዕድሜው ነው፤ ካሜራው ከወጣበት ጊዜ ጀምሮ ጎሚኒው ስንት ጊዜ እንደተለወጠ ልጁን ጠይቀው። ምናልባት ጎሚኒ የሚባል ነገር እንዳለው የሚሰማው ከአንተ ይሆናል።

ልጁ ጋ ስትሄድ እንዲህ አድርግ። ሁለት በር አለው፤ አንዱ ከሥር የባትሪና የካርድ፣ ሌላው ከጎን የገመድ። ሁለቱንም ከፍተህ ፀሐይ ላይ ያዝ። ጎሚኒውን በደረቅ አውራ ጣትህ ቀስ ብለህ አስኪደው። ለስላሳና እኩል ከሆነ ጥሩ። ስንጥቅ፣ ጠፍጣፋ የሆነ ቦታ፣ ከቦዩ የወጣ ጫፍ ካገኘህ መልሰህ አስቀምጥ። የክዳኑ ማጠፊያ የሚወዛወዝ ከሆነም እንደዚያው። ባትሪ ማስገቢያው ውስጥ ያሉትን ወርቃማ ነጥቦች ተመልከት፤ አረንጓዴ ወይም ነጭ ዝገት ካለባቸው ያ ካሜራ አንድ ጊዜ ጠጥቷል፣ ሻጩ ምንም ቢምልልህ። በሌንሱ መስታወት ውስጥ ደመና የመሰለ ነገርም ያንኑ ነው የሚናገረው።

ይህን ካለፈ ባትሪውንና ካርዱን አውጣ። አንድ ደረቅ ሶፍት አጥፈህ ባትሪው በነበረበት አስገባ፤ ጫፉ ጎሚኒው ላይ እንዳያርፍ ተጠንቀቅ። ሁለቱንም በር ቆልፍ። ከዚያ ሳፋ ውሃ ውስጥ ክተተውና ቡና ጠጡ፤ ግማሽ ሰዓት። ገና ሲገባ ከበሩ ዙሪያ ተከታታይ አረፋ ከወጣ ወዲያው አውጣው። ግማሽ ሰዓቱ ሲሞላ አውጥተህ በደንብ ካደረቅህ በኋላ፣ በሩን ወደ ታች አድርገህ ክፈት። ሶፍቱ ደረቅ ከሆነና መስታወቱን ከውስጥ ላብ ካልያዘው በሩም አካሉም ጤና ነው ማለት ይቻላል፤ 15 ሜትር ይጠልቃል ማለት ግን አይደለም። ይህን የምታደርገው ልጁ ከተስማማ ብቻ ነው፤ ካሜራው የተሰነጠቀ ከሆነ በሳፋው ውስጥ ሊሞት ይችላልና፣ ማን እንደሚከፍል አስቀድማችሁ ተነጋገሩ። የማይስማማ ከሆነ «15 ሜትር» የሚለውን ከዋጋው ላይ ያውጣልህ። ውሃ በመቻሉ 28 ሺህ የሚያወጣ ካሜራ፣ ውሃ ሳፋ ውስጥ ለመግባት ከፈራ 28 ሺህ አያወጣም።

መስታወቱን ከውስጥ ላብ ከያዘው አትግዛ።

አጎትህን በተመለከተ፣ ካሜራ ከውጭ ማስመጣት ጥቅሙ አዲስ ጎሚኒ ማግኘትህ ነው። ጉዳቱ ደግሞ ከተበላሸ መመለሻ የለህም። በጣም ጥሩው የቲጂ-5 ታናሽ ወንድም ቲጂ-7 ነው፤ በ2023 ኦኤም ሲስተም በሚል ስም ወጣ፣ ኦሊምፐስ የካሜራ ሥራውን ስለሸጠ። ሲወጣ ዋጋው 550 ዶላር አካባቢ ነበር፤ ለአንተ ከበጀት ውጭ ነው። በበጀትህ አካባቢ የሚገኘው ኮዳክ ፒክስፕሮ ደብሊውፒዜድ2 ነው። 16 ሜጋፒክስል፣ 4 ጊዜ እውነተኛ ዙም፣ 15 ሜትር፣ ከ2 ሜትር መውደቅ ይችላል፣ ዋይፋይ አለው፤ አሜሪካ ውስጥ ከ200 ዶላር ብዙም ሳይርቅ ይሸጥ ነበር። በጠራራ ፀሐይ የሚያነሳው ፎቶ ያስደስትሃል። ምሽት ላይ አይደለም። ኒኮን ደብሊው300 እና ፉጂፊልም ኤክስፒ140 ጎበዞች ነበሩ፤ የመጀመሪያው 30 ሜትር፣ ሁለተኛው 25 ሜትር ይጠልቁ ነበር፤ አሁን ግን በብዛት የሚገኙት ያገለገሉት ናቸው፣ ስለዚህ ከልጁ ቲጂ-5 ጋር ያው ጭንቀት ነው። ያገለገለ ካሜራ ከውጭ አታስመጣ፤ የሚፈትንልህ አጎትህ ይሆናል፣ አጎቶች ደግሞ ሻንጣ ሲዘጉ ነው ትዝ የሚላቸው።

ጎፕሮ ለምን አልጠቀስክም ትለኝ ይሆናል። ከሄሮ5 ወዲህ ያሉት አብዛኞቹ ያለ ሽፋን 10 ሜትር ይጠልቃሉ፤ ለቪዲዮ የሚያህላቸው የለም። ግን ሌንሳቸው በጣም ሰፊ ስለሆነ ሁለት ክንድ ርቃ የተቀመጠች እንግዳ እንደ ሩቅ ሰው ታንሳለች፣ ጠርዝ ላይ ያለው ሰው ደግሞ ፊቱ ይለጠጣል። ፊቷ ተለጥጦ የወጣች እንግዳ ገንዘብ አትከፍልም።

አሁን ስለ ወፎቹ እውነቱን ልንገርህ፣ ቅር እንዳትሰኝ። ከእነዚህ ካሜራዎች አንዱም የወፍ ካሜራ አይደለም። ዙማቸው 4 ወይም 5 ጊዜ ነው። አባ ኮዳን ታነሳበታለህ፤ አሞራ ገደል ገበያ ላይ የዓሣ አንጀት እየጠበቀ አጠገብህ ስለሚቆም በስልክም ይነሳል። ፔሊካንም ወደ ጀልባ ሲጠጋ ይነሳል። ያ ራሱ ነጭ የሆነው ንስር ግን፣ ከዛፍ ተወርውሮ ዓሣ ጠልፎ ሲነሳ፣ ፎቶህ ላይ ዝንብ ነው የሚሆነው። ለእሱ ረጅም ዙም ያለው፣ ውሃ የማይችል ሌላ ካሜራና አፉ ተጠቅልሎ የሚዘጋ ውሃ የማያስገባ ከረጢት ያስፈልግሃል። ያ የሚቀጥለው ዓመት ዕቅድ ይሁን። ዙም ስላነሰኝ ልጠጋ ብለህ ደግሞ ወደ ጉማሬ እንዳትቀርብ። አንተ ከእኔ ይልቅ ታውቀዋለህ፤ ግን ካሜራ እጅ ሲገባ ሰው የሚያውቀውን ይረሳል።

የእኔ ምርጫ ይኸው፦ ቲጂ-5 በሳፋው ካለፈ እሱን ግዛ፣ ግን ውሃ ቻይ ብለህ ሳይሆን ዝናብ ቻይ ብለህ ያዘው። ለጠለቀ ዋና አታውለው። በፎቶ ጥራት የሚስተካከለው በበጀትህ አይገኝም፣ ሥራህም ላይ ላዩን ነው። በሳፋው ከወደቀ ወይም ልጁ ካስቸገረህ አጎትህ ኮዳኩን ያምጣልህ። የምትተርፍህን ብር ለሁለተኛ ባትሪና ለሁነኛ ካርድ ያዛት። ካርድ ስትገዛ 512 ጊጋባይት በ500 ብር ቢሉህ አትደሰት፤ ቤት ወስደህ እስኪሞላ ቪዲዮ ቅረጽበትና መጨረሻ ላይ ያለው መከፈቱን እይ። 32 ጊጋባይት ከታወቀ ብራንድ ለአንተ ይበቃል።

ስልክህን በፕላስቲክ ቦርሳ አድርገህ መሥራትም ይቻል ነበር። አላበረታታህም። እርጥብ ጣት እስክሪን አያዝም፣ ላስቲኩ ፎቶውን ያደበዝዛል፣ ስልክህ ደግሞ ዛሬ ባንክህ ነው፤ ባንክህን ጀልባ ጠርዝ ላይ አትዘርጋ።

ከገዛህ በኋላ ስለ አያያዝ። ባትሪ የሚለወጠው የብስ ላይ፣ በደረቀ እጅ ነው። ጠዋት ከቤት ስትወጣ የሞላ ባትሪ አስገባ፤ ቲጂ-5 አናቱ ላይ ያለችው «ሎግ» የምትል ማብሪያ ጂፒኤሱን ቀኑን ሙሉ ታስሠራለችና አጥፋት፣ ባትሪህን ሳታውቀው ትበላለች። ጀልባው ወለል ላይ ፀሐይ ውስጥ አትተወው፤ በጋለበት ቀዝቃዛ ውሃ ካገኘው ውስጡ ያለው አየር ይሸበሸብና ውሃ ወደ ውስጥ ይስባል፣ ባይስብም መስታወቱን ላብ ያስይዘዋል። ማታ በንጹሕ ውሃ እጠበው፣ በሩን ከመክፈትህ በፊት። ቁልፎቹን እየተጫንክ እጠብ፣ አሸዋ እዚያ ነው የሚደበቀው። በጨርቅ አድርቀው፣ ጥላ ውስጥ አሳድረው፤ ፀጉር ማድረቂያ አይነካው። ጎሚኒው ላይ ቫዝሊን ቀባ የሚልህ ሰው ካለ አትስማው፣ አቧራ መሰብሰቢያ ነው የሚያደርግልህ። እንግዶችህ ከሐይቁ ወደ ወንዶ ገነት ፍልውሃ ሲያልፉ ካሜራውን ተከራይተው ሊወስዱ ቢፈልጉ እምቢ በል፤ ጎሚኒዎቹ ለሙቅ ውሃ አልተሠሩም፣ አምራቾቹም ፍልውሃ ውስጥ አታስገቡ ብለው ይከለክላሉ።

ሁለት ነገር ደግሞ ለፎቶው። የብዙዎቹ ሌንስ ጥግ ላይ ነው ያለው፤ በስልክ የለመደ እጅ ጣቱን እዚያ ያሳርፋል። በመጀመሪያው ሳምንት ከአሥር ፎቶህ ሦስቱ ላይ የጣትህ ጥላ ይወጣል። ሁለተኛው የውሃ ጠብታ ነው። ከተረጨ በኋላ ሌንሱ ላይ አንዲት ጠብታ ከቀረች የእንግዳዋ ፊት መሀል ነጭ ነጠብጣብ ትሆናለች፣ እስክሪኑ ትንሽ ስለሆነ አታያትም። ንጹሕ የጥጥ ጨርቅ ደረት ኪስህ ይኑር፣ ከማንሳትህ በፊት እንደ መነጽር ጥረግ።

ሥራው ላይ ደግሞ ከፎቶው ጥራት ያላነሰ የሚያስከፍልህ ፍጥነቱ ነው። እንግዳ ፎቶውን የሚፈልገው ከጀልባ ሳይወርድ ነው። ቲጂ-5ም ኮዳኩም በዋይፋይ ወደ ስልክ ይልካሉ፤ መተግበሪያውን ቤትህ ሆነህ አስቀድመህ አገናኝ፣ እንግዳ ፊት መታገል ያሳፍራል። በቴሌግራም ስትልክ «እንደ ፋይል» ላክ፤ እንደ ፎቶ ከላክኸው ይጨመቅና ያን ሁሉ የደከምክበትን ሌንስ ታባክነዋለህ። ዋጋህን ጀልባው ሳይነሳ ተናገር። ዓሣ አስጋሪዎቹን፣ ቆሮሶና አምባዛ የሚበልቱትን ልጆች ስታነሳ ፈቃድ ጠይቅ፤ ጎረቤቶችህ ናቸው፣ ነገም እዚያው ናችሁ። ፍቼ ጨምበላላ ሲደርስ ጉዱማሌ ላይ የሚሰበሰበውን ሕዝብ አስበው፤ ለዚያ ቀን ግን ዙሙን ሳይሆን ሰፊውን ጫፍ፣ ሳታጎላ ብዙ ሰው የሚይዘውን፣ ነው የምትጠቀመው፣ ደግሞም አቧራ እንጂ ውሃ አይደለም የሚያስቸግርህ፣ ስለዚህ ያን ቀን በሩን ጨርሶ አትክፈተው።

አጎትህ ለገና ስለሚመጣ ለእሱ ጊዜ አለህ። ልጁን ግን በዚህ ሳምንት አግኘው፣ ሌላ ገዢ ሳይቀድምህ። ስትሄድ ሶፍት ያዝ፤ ሳፋው ከእነሱ ቤት አይጠፋም።